ደብሊውዲ 37ሲ65፦ ለቤት ሰራሽ ኮምፒውተር ፍሎፒ ኮንትሮለር ለምትፈልጉ

ደሴ ነው ያለሁት፣ በዜድ80 ሲፒዩ (ዋናው ፕሮሰሰር) ከዜሮ የምሰራት ኮምፒውተር አለችኝ፣ ፍሎፒ ድራይቯን ሚነዳው ደግሞ የዌስተርን ዲጂታል 37ሲ65 ሚባል ኮንትሮለር ቺፕ ነው። «የቱን ቺፕ ልግዛ» ሚለው ጥያቄ ኮምቦልቻ ካምፓስ ካሉ ተማሪዎችም ከሌላም ሰው ስለሚመጣ ያየሁትን ልጻፍ ብዬ ነው። ባጭሩ ይሄን ግዙ። ለምን ሚለው ግን ረዘም ይላል።

ኮንትሮለር ስትመርጡ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ቺፑ የትኛውን ስራ ለናንተ ትቶ እንደሄደ ነው። ከድራይቩ ሚመጣው እኮ በአንድ ሽቦ ላይ ያለ ፐልስ ብቻ ነው፣ ክሎኩም (ጊዜ ሚቆጥረው ምልክት) ዳታውም ተደባልቆ፣ ሞተሩ ደግሞ በደቂቃ 300 ዙር ይባላል እንጂ ትንሽ ይፈጥናል ትንሽ ይዘገያል፣ እና ያንን ፍጥነት እየተከተለ ይሄ ክሎክ ነው ይሄ ዳታ ነው እያለ ሚለይ ሰርኪዩት የግድ ያስፈልጋል፣ ዳታ ሴፓሬተር ሚባለው። መከራው ያለው እዚህ ጋ ነው።

የኤንኢሲ 765 በ1981 የወጣው አይቢኤም ፒሲ የተጠቀመበት ቺፕ ነው፣ ኢንቴል 8272 ብሎ የሸጠውም ያው እሱ ነው። ስሙ ትልቅ ነው፣ ኮዱም በሽ ነው፣ ግን ዳታ ሴፓሬተር የለውም፣ ስትጽፉ ፐልሱን ቀደም ወይ ዘግየት ሚያደርገውንም ሰርኪዩት ውጪ ራሳችሁ ናችሁ ምትሰሩት። የዌስተርን ዲጂታል 1793ም ያው ነው፣ በዛ ላይ ከ5 ቮልት ሌላ 12 ቮልት ይጠይቃል። 1793ን ግን አልጠላውም፣ እንደውም ፕሮግራም ለማድረግ ከሱ ሚጥም የለም፣ አራት አድራሻ ብቻ ነው ያለው፣ ኮማንድና ስታተስ፣ ትራክ፣ ሴክተር፣ ዳታ፣ አንድ ባይት ኮማንድ ትልካላችሁ ያነባል በቃ። የ765 ዘር አንድ ሴክተር ለማንበብ 9 ባይት ትልኩለታላችሁ፣ ሲጨርስ ደግሞ 7 ባይት ውጤት አንብቡልኝ ይላል፣ ያንን ሳታነቡለት ሌላ ኮማንድ አይቀበልም።

አሁን ደሴ ላይ ሆናችሁ አስቡት። ፒያሳም አራዳም ብትዞሩ ምታገኙት የቲቪ የዲኮደር የሞባይል እቃ ነው፣ ለዳታ ሴፓሬተር ሚሆን ቺፕ ግን ከአዲስ አበባ ወይ ከውጪ ሚመጣ ሰው ካልተገኘ የለም። ስለዚህ ለኛ የቺፕ ዋጋ ማለት ከጎኑ ሚፈልገው እቃ ሁሉ ተደምሮ ነው። 765ን በርካሽ አግኝቶ ለአጃቢዎቹ ወራት መጠበቅ ምን ሚሉት ቁጠባ ነው?

37ሲ65 የ765ን ኮር (ዋናውን ሰርኪዩት) ይዞ ዳታ ሴፓሬተሩንም፣ ስትጽፉ ፐልሱን ቀደም ወይ ዘግየት ሚያደርገውንም፣ ባለ 34 ሽቦውን የፍሎፒ ኬብል በቀጥታ ሚነዳውንም ክፍል ውስጡ አስገብቶታል። 5 ቮልትና የ16 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል ከሰጣችሁት ለ3.5 ኢንች ድራይቭ ይበቃዋል። ሁለተኛው የ9.6 ሜጋኸርትዝ ክሎክ ሚያስፈልገው በደቂቃ 360 ዙር በሚዞረው የ1.2 ሜጋ ድራይቭ ላይ የ360 ኪሎባይት ዲስክ ማንበብ ለሚፈልግ ነው፣ እናንተ ተዉት። የጎልድስታሩ ጂኤም82ሲ765ቢም ያው ቤተሰብ ነው፣ ካገኛችሁ አትለፉት። ሁለቱንም ከቢሮ የተጣለ አሮጌ ፒሲ ውስጥ ያለ አይኤስኤ ካርድ (የድሮ ፒሲ ማዘርቦርድ ላይ ሚሰካ ቦርድ) ላይ ፈልጉ፣ ቆራሌ ሚሰበስበው ውስጥ እንደዚህ አይነት ቦርድ ይገኛል፣ ለመንቀል ደግሞ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ሂዱ፣ ሆት ኤር ስላለው እግሩን ሳይሰብር ያነሳዋል።

የዌስተርን ዲጂታል 1772 ያለው ሰውም አብሽር። 28 እግር፣ 5 ቮልት ብቻ፣ ሴፓሬተሩ ውስጡ ነው፣ አታሪ ኤስቲ ላይ የነበረው እሱ ነው፣ አነዳዱም እንደ 1793 ቀላል ነው። ግን የተሰራው ለ250 ኪሎቢት በሰከንድ ስለሆነ 720 ኪሎባይት ላይ ያቆማችኋል፣ 1.44 ሜጋባይት ዲስክ የለም።

የ37ሲ65 ትልቁ ችግር ፍጥነት ነው፣ እሱም የሲፒዩው ጣጣ ነው። 1.44 ዲስክ 500 ኪሎቢት በሰከንድ ይሰጣል፣ አንድ ባይት በየ16 ማይክሮሰከንዱ ማለት ነው፣ ዜድ80 በ4 ሜጋኸርትዝ ደግሞ በዛ ጊዜ ውስጥ ያለው 64 ክሎክ ነው። ሁለቱን የስታተስ ቢት አይቶ ባይቱን ሚያነብ ተራ ሉፕ ስደምረው 68 ክሎክ ይወስዳል፣ አለቀ፣ ኦቨርራን (ባይቱ ሳይነበብ አመለጠ) ይላችኋል። 8 ሜጋኸርትዝ ካደረጋችሁት 128 ክሎክ አለ፣ እንደልብ ነው። በ4 ሜጋኸርትዝ መቆየት ሚፈልግ 720 ላይ ይስራ፣ እዛ ላይ ባይቱ ሚመጣው በየ32 ማይክሮሰከንዱ ነው። የኢንቴል 82077ኤኤ 16 ባይት ሚያቆይ ፊፎ ስላለው ሲፒዩው ትንሽ ቢዘገይ ይታገሳል፣ ጎበዝ ቺፕ ነው፣ ግን 68 እግር ነው፣ በእጅ ሽቦ እየጎተተ ለሚሰራ ሰው አልመክረውም።

ሌላ ዳታሺቱን ቶሎ ቶሎ ላነበበ ሰው ሚያመልጥ ነገር አለ። ሪካሊብሬት፣ ማለት ጭንቅላቱን ወደ ትራክ ዜሮ ሚመልሰው ኮማንድ፣ የ765 ኮር ላይ ከ77 እርምጃ በላይ አይሄድም፣ ድራይቩ ግን 80 ትራክ ነው፣ ጭንቅላቱ ጫፍ ላይ ከነበረ አንዴ ብቻ ልካችሁ ትራክ ዜሮ አልተገኘም ቢላችሁ ድራይቩ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ ድገሙት። ቲሲ ሚባለውን የቺፑን እግርም መሬት ላይ አስራችሁ እንዳትተዉት፣ ማንበብ ይብቃህ ሚባለው በሱ ነው፣ ካልሆነ የትራኩ መጨረሻ አለፈ ሚል ኤረር ይዞ ይመለሳል።

በፍሎፒ ፈንታ ሲኤፍ ካርድ (ኮምፓክት ፍላሽ ሚባለው ሜሞሪ ካርድ) አይሻልም ወይ ሚል ሰው አለ። ለመሰራት ይቀላል፣ አልክድም። ግን ፐልስ እንዴት ባይት እንደሚሆን ማየት ለሚፈልግ ተማሪ ፍሎፒ ሚያስተምረውን ሲኤፍ አያስተምርም፣ ይሄን ከልቤ ነው ምለው።

ከ10 9 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ለዛ ለ9 ባይት ኮማንዱ ነው። ስትገዙ ባለ 40 እግሩንና ባለ 44 እግሩን ካሬ ለዩ፣ የእግሮቹ ቁጥር አንድ አይደለም፣ ካሬው ላይ 1 ቁጥር ያለው ጥግ ላይ ሳይሆን የአንዱ ጎን መሀል ላይ ነው፣ ሶኬቱን ገልብጣችሁ ከስር ስትበይዱ ደግሞ ሁሉም ነገር ግራና ቀኙ ይዞራል፣ ስለዚህ ቺፑን ሳታስገቡ በፊት 5 ቮልቱና መሬቱ በትክክለኛው እግር ላይ መምጣቱን በቴስተር ለኩ።