ስፕሊት ኤሲ ለደሴ ቤት እና ለኮምቦልቻ ቤት

ከደሴ ተነስቶ በሐረጎ ቁልቁል የወረደ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጃኬቱን ያወልቃል። ከተሞቹ በመንገድ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በከፍታ ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ስፕሊት ኤሲ፣ ማለትም አንዱ ክፍሉ ቤት ውስጥ ሌላው ውጭ የሚተከል ማቀዝቀዣ ወይም ማሞቂያ ማሽን፣ ለመግዛት ሲሄዱ ሻጩ ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ገዢ ያንኑ ካርቶን ያወጣል። በእኔ እምነት ግን የደሴ ሰው የሚገዛው ማሞቂያ ነው፣ የኮምቦልቻ ሰው ደግሞ ማቀዝቀዣ፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው አንድ መምሰላቸው ሊያታልል አይገባም።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ስፕሊት አለ፦ ማቀዝቀዝ ብቻ የሚችልና ሥራውን ገልብጦ ማሞቅም የሚችል። ሪሞቱ ላይ የፀሐይ ምልክት መኖሩ ማስረጃ አይሆንም፤ አንድ ሪሞት ለብዙ ሞዴል ስለሚሠራ ምልክቱ እያለ የማያሞቅ ማሽን አለ። የውጭው ክፍል ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ የማሞቅ አቅሙ ለብቻው በዋት ካልተጻፈ ለደሴ ቤት አይውሰዱት። ለኮምቦልቻ ማቀዝቀዝ ብቻ የሚችለው ይበቃል።

ደሴ ላይ የስፕሊት ተፎካካሪዎች የከሰል ምድጃና ተራው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ናቸው። ከሰሉን በዝግ ክፍል ውስጥ ጨርሶ አላወዳድረውም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ተኝተው ያሉ ሰዎችን ይገድላል። ተራው ማሞቂያ ርካሽ ነው፣ የሚያስቀጣው ቆጣሪው ላይ ነው። ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ በየቀኑ ለ4 ሰዓት ቢበራ በወር 240 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። ስፕሊት ሙቀቱን ከውጭ አየር ሰብስቦ ወደ ቤት ስለሚያስገባ ያንኑ ሙቀት በሲሶው፣ በ80 ገደማ ኪሎ ዋት ሰዓት ሊሰጥ ይችላል። የመብራት ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚወደድ በመሆኑ ልዩነቱ ኪስ ውስጥ በደንብ ይሰማል። በአንጻሩ የሚሞቀው አንድ ክፍል ከሆነና ብርዱ የሚያስቸግረው ጥቂት ሳምንት ብቻ ከሆነ ተራው ማሞቂያ ያዋጣል፤ ስፕሊት የገዛበትን ዋጋ የሚመልሰው በየምሽቱ ሲሠራ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ የማሽኖቹ የማሞቅ አቅም በመደበኛነት የሚለካው ውጭው 7 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ለደሴ የበጋ ሌሊት ይህ ሩቅ ቁጥር አይደለም። የማቀዝቀዝ አቅሙ የሚለካው ደግሞ ውጭው 35 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ የኮምቦልቻ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ስለሚሆን ማሽኑ እዚያ አይጨነቅም። ይሁንና ካርቶኑ የማይናገረው አለ፦ ከፍታ። የደሴ አየር ከባሕር ዳርቻው ከ20 በመቶ በላይ ስስ ነው፣ ስለዚህ ያው ማራገቢያ የሚያሻግረው ሙቀት ያንሳል። ደሴ ላይ ለመኝታ ክፍል 9,000 ቢቲዩ (የማሽኑ አቅም መለኪያ) ይበቃል ካሉዎት 12,000 ይጠይቁ። ኮምቦልቻ ላይ ለአነስተኛ መኝታ ክፍል 9,000 አይከፋም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ኮርኒስ ከሌለው ግን ገንዘቡን መጀመሪያ ኮርኒሱ ላይ ያውሉት። እንዲያውም ብዙ የኮምቦልቻ ቤቶች ከ100 ዋት በታች በሚወስድ የጣሪያ ቬንትሌተር ያልፉታል።

ኢንቨርተር (ፍጥነቱን እንደ ፍላጎቱ የሚቀንስና የሚጨምር) ወይስ ተራ (በሙሉ ኃይል የሚበራና የሚጠፋ)? ለደሴ ያለ ማመንታት ኢንቨርተር፤ ረጅም ሰዓት በዝግታ ስለሚሠራ ቁጠባው የሚታየው እዚያ ነው፣ ሲነሳም መስመሩን በአንድ ጊዜ አይጎትትም። ኮምቦልቻ ላይ በሞቃታማ ወራት ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚያበራ ሰው ተራውን ቢገዛ አልወቅሰውም። የኢንቨርተር ካርድ (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው) በኃይል መዋዠቅ ቢቃጠል ጥገናው ውድ ነውና፣ መብራት ተቋርጦ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያበራ መከላከያ አብሮ ይገዛ።

ከማርካው በላይ ግን የሚወስነው ገጣሚው ነው። የውጭው ክፍል ከ25 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ የጭቃ ግድግዳ አይችለውም፣ መሬት ላይ በሲሚንቶ መቀመጫ ይቁም። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር ይነቀላል፤ ግድግዳውን አልፎ ከጀርባ የሚታሰር ቡሎን ያስፈልጋል። የቱቦው ቀዳዳ ወደ ውጭ ትንሽ ማዘንበል አለበት፣ አለዚያ ውሃው ሳሎን ውስጥ ይወርዳል። ገጣሚውን ከመቅጠርዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ ቫኪዩም ፓምፕ አለህ? ቱቦው ውስጥ የቀረ አየርና እርጥበት በፓምፕ ካልወጣ ጋዙን የሚጨምቀውን ኮምፕረሰር ቀስ በቀስ ይገድለዋል። ጋዝ ለቅቆ አየሩን የሚገፋ ሰው ሥራ አሳጥሯል፤ ኪሳራው የእርስዎ ነው። አር 22 በሚባለው የቆየ የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚሠራ ያገለገለ ማሽን በርካሽ ቢቀርብልዎ ይለፉት፤ ጋዙ የኦዞን ሽፋንን ለመጠበቅ በተደረገው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ እየወጣ ነው። ማሽኑ አር 32 የተባለው ጋዝ ካለው ደግሞ ጋዙ ሊቀጣጠል ስለሚችል ቱቦው አጠገብ እሳት የሚለኩስ ጠጋኝ አይንካው።

ጥገናውም እንደ ከተማው ይለያያል። ደሴ ላይ በርና መስኮት ተዘግቶ ቡና ሲፈላና ዕጣን ሲጤስ ጭሱ ማጣሪያው ላይ ይለጠፋል፤ በየሁለት ሳምንቱ አውጥቶ በለብታ ውሃ ማጠብ ነው። ብርድ በበረታበት ሌሊት ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ ማሞቁን አቁሞ ከውጭው ክፍል እንፋሎት ቢወጣ በረዶውን እያቀለጠ ነውና ጠጋኝ አይጥሩ። ኮምቦልቻ ላይ የሚያስቸግሩት የውጭው ክፍል ላይ የሚጋገር አቧራና የሚደፈን የውሃ መውረጃ ቱቦ ናቸው፤ ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት ሁለቱንም ያስጠርጉ፣ ውሃው ግን በኃይል እየተረጨ ስስ የብረት ክንፎቹን እንዳያጣምም። በሁለቱም ከተማ በየዓመቱ ጋዝ ካልሞላሁ የሚል ጠጋኝ ከመጣ አይክፈሉት፦ ጋዙ በዝግ ቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ አያልቅም፣ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ። በሳሙና አረፋ ፈልጎ ይድፈነው፣ ከዚያ ይሙላ።