ሦስት በአንድ ፖሊሽ ለድሬ ፀሐይና ለድሬ ውሃ

ቀጥታ ልናገር። መኪናህ ድሬዳዋ ውስጥ ደጅ የሚያድርና በየቀኑ የሚነዳ ከሆነ ጭረት የሚፍቅ ኮምፓውንድ ለብቻ፣ የሚያበራ ፖሊሽ ለብቻ፣ የሚከላከል ሰም ለብቻ እያልክ ገንዘብህን አትበትን። ሦስት በአንድ የሚባለውን፣ ኦል ኢን ዋን ፖሊሽ፣ አንድ ጠርሙስ ግዛ። ይበቃሃል።

ለየብቻ መሥራትንም አውቀዋለሁ፣ ውጤቱ ያምራል። ግን አንድ መኪና ሙሉ ቀን ይበላል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ከዚያ መኪናው መጋላ ሰፈር ይወጣል፣ የደቻቱን ወንዝ ሲሻገር አቧራ ይለብሳል፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ይቆምና የቀረውን ወፎቹ ይጨርሱታል። እኔ የምፈልገው በግማሽ ቀን ሥራ መኪናው ከቅርብም ከሩቅም አምሮ እንዲታይ፣ ውሃ ሲፈስበት ተንሸራቶ እንዲወርድና በሚቀጥለው እጥበት ቆሻሻው ሳያስቸግር እንዲለቅ ነው። ይህን ጥሩ ሦስት በአንድ ያደርገዋል።

ጠርሙሱ ውስጥ ምን አለ? ቀለሙን በጥቂቱ የሚፍቅ በጣም ደቃቅ ብናኝ አለ። የተጣበቀ ቆሻሻና ያረጀ ሰም የሚያሟሟ ማጽጃ አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀለሙ ላይ የሚቀር መከላከያ አለ፣ ሰም ወይም ሰው ሠራሽ ፖሊመር። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገቡ ግን የእያንዳንዳቸው ጉልበት ይቀንሳል። ጠንካራ ኮምፓውንድ የሚያወጣውን ጭረት አያወጣም፣ ለብቻው የሚቀባ መከላከያ የሚቆየውን ያህልም አይቆይም። በእጥበት ጨርቅ የመጣውን፣ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ ሆኖ የሚታየውን ቀጭን ጭረት አብዛኛውን ይጠርገዋል። ጥፍርህ የሚገባበትን ጭረት ግን አይነካውም፣ እሱ የቀለም ቀቢ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልብ በል። አንዳንዱ ፖሊሽ ጭረቱን ከማውጣት ይልቅ ሞልቶ ይደብቀዋል። በዘይቱና በሙሌቱ ጭረቱ ይሸፈናል፣ መኪናው ያበራል፣ ከጥቂት እጥበት በኋላ ጭረቱ እንደነበረ ተመልሶ ይመጣል። ይህን ለማወቅ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል በውሃ አቅጥነህ በንጹሕ ጨርቅ የሠራኸውን አንድ ቦታ ጥረገው። ጭረቱ ካልተመለሰ በእውነት ወጥቷል ማለት ነው። የጠረግከው ቦታ መከላከያው ስለሚነሳ መልሰህ ትቀባዋለህ። ሙሌት መኖሩ በራሱ መጥፎ አይደለም፣ በተለይ ክሊሩ ለሳሳ አሮጌ መኪና ደህና መላ ነው። ብቻ ምን እንደገዛህ እወቅ።

ክሊር ስል የቀለሙ የላይኛው፣ መልክ የሌለው ንብርብር ማለቴ ነው። በአብዛኞቹ የፋብሪካ ቀለሞች ላይ ውፍረቱ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። ከፀጉር የሳሳ ነገር ነው እንግዲህ ከድሬ ፀሐይ ጋር የሚታገለው፣ አንዴ ካለቀ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ለዚህ ነው "ፖሊሽ እንሠራለን" ብለው ግራይንደር ላይ የሱፍ ዲስክ የሚገጥሙትን ስመለከት የሚያመኝ። ከተማችን ውስጥ አንድ ቦታ መኪናዬን በቀትር፣ ኮፈኑ እየፋመ፣ በደረቅ ኮምፓውንድ ፈተጉልኝ። ጋራዡ ውስጥ አበራ። ፀሐይ ላይ ሳወጣው ኮፈኑ በሙሉ የማሽኑን ዱካ ይዞ ነበር፣ የበሩ ጠርዝ ላይም ክሊሩ ተቃጥሏል። ዱካው ኋላ በሦስት በአንድ ፖሊሽ ወጣ። የተቃጠለው ጠርዝ እንደተቃጠለ ቀረ።

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ። እኔ የተጠቀምኩባቸውን ሦስት ብቻ ነው የማወራው።

በእጅ ለሚሠራ ሰው የእንግሊዙ ኦቶግሊም ሱፐር ሬዚን ፖሊሽ። ማሽን ከሌለህ ሌላ ብዙ አትፈልግ። በስፖንጅ ስስ አድርገህ ትቀባለህ፣ ነጭ ሆኖ እስኪደርቅ ትጠብቃለህ፣ በማይክሮፋይበር ትጠርጋለህ። የሚፍቅ ኃይሉ ለስላሳ ነው፣ ከጭረቱ ብዙውን የሚሞላና የሚደብቅ ዓይነት ነው። ነጭና ብርማ መኪና ላይ ውጤቱ ደስ ይላል። ድክመቱ መከላከያው ነው፣ ቶሎ ይሄዳል። አምራቾቹ ራሳቸው በላዩ ኤክስትራ ግሎስ ፕሮቴክሽን የሚባለውን ሁለተኛ ምርታቸውን እንድትደርብ ይመክራሉ፣ ያኔ ሦስት በአንድ መሆኑ ቀረ ማለት ነው።

ለብዙ ሰው የምመክረው የጀርመኑን ሶናክስ ኤክስትሪም ፖሊሽ ኤንድ ዋክስ ነው። የምወድለት ነገር ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ነው። 1 ለአዲስ ቀለም፣ 2 ትንሽ ለደበዘዘ፣ 3 ፀሐይ ለበላው ቀለም። ከሻጭ ጋር መከራከር የለም። ውጭ የሚያድር የድሬ መኪና ዕድሜው ጥቂት ዓመት ካለፈ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው 3 ነው። በእጅም በማሽንም ይሠራል። በእጅ ቁጥር 3 ጉልበት ይጠይቃል፣ ክንድህ ይሰማዋል፣ ግን የደበዘዘ ኮፈን ላይ ልዩነቱን እዚያው እየሠራህ ታየዋለህ።

ማሽን ያለው ሰው ሜንዘርና ስሪ ኢን ዋን ይያዝ። ይህም የጀርመን ነው፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1888 የተመሠረተ፣ ባቡሩ ድሬ ከመድረሱ በፊት ማለት ነው። ከሦስቱ ጭረት በማውጣት የሚበልጠው እሱ ነው። አቧራው ትንሽ ነው፣ ሲጠረግ ቶሎ ይለቃል። በእጅ ልሥራው ካልክ ግን ገንዘብህን አባከንክ።

ማሽን ስል ደግሞ ዱዋል አክሽን የሚባለውን እንጂ ግራይንደር አይደለም። ዱዋል አክሽን እየዞረ እየተንቀጠቀጠም ስለሚሠራ ሙቀቱ አንድ ቦታ አይከማችም፣ ጀማሪ እንኳ ቀለም ለማቃጠል ይከብደዋል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ሊልክልህ ከሆነ ቮልቴጁን ቀድመህ ጠይቅ። የእነሱ 110፣ የእኛ 220 ነው፣ ሶኬት ላይ ሰክተህ በአንድ አፍታ ታቃጥለዋለህ።

ከጠርሙሱ ምርጫ ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው ግን ዝግጅቱ ነው። እዚህ ላይ ድሬ የራሷ ጣጣ አላት፤ ውሃው። የከተማችን የጉድጓድ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፣ ማንቆርቆሪያህን ከፍተህ ብታይ ነጩን ቅርፊት ታገኘዋለህ። ያው ነገር መኪናህ ላይም ይቀራል። ላቫጆ ታጥቦ ፀሐይ ላይ እንዲደርቅ የተተወ መኪና በየጠብታው ልክ ነጭ ክብ ይይዛል፣ ሙቀቱ ደግሞ ጠብታውን ጋግሮ ክሊሩ ላይ ያትመዋል። ብዙ ሰው ቀለሜ ደበዘዘ የሚለው ግማሹ ይህ ነው። በላዩ ፖሊሽ ከመጨመርህ በፊት ነጭ አቼቶ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅለህ በጨርቅ አርሰው፣ አንድ ሁለት ደቂቃ አቆየው፣ ሳይደርቅ በብዙ ውሃ እጠበው። ጥላ ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ብረት ላይ። የላላው ቅርፊት ይለቃል። ከዚያ በኋላም የሚታይ ክብ ካለ ክሊሩን በልቶታል ማለት ነው፣ እሱን ነው ፖሊሹ የሚሠራው።

እጥበቱ ላይ አትቸኩል። ሁለት ባልዲ ያዝ፣ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን የምታለቀልቅበት። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው የምትል ከሆነም ሁለት ባልዲ ከቧንቧ ጎማ ያነሰ ውሃ ነው የሚፈልገው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ተው፣ የቀባኸውን መከላከያ ጠርጎ ይወስደዋል። የመኪና ሻምፑ ካጣህ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥቂቱ ይሻላል። በመጀመሪያ አቧራውን በውሃ ብቻ አውርድ፣ ምክንያቱም የእኛ አቧራ አሸዋ አለበት፣ ደረቁን በጨርቅ መጥረግ መኪናውን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ማለት ነው። በየጠዋቱ በደረቅ ጨርቅ አቧራ የሚያራግፉ ሹፌሮች፣ አቦ ተውት!

ታጥቦ ሲደርቅ እጅህን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብተህ ኮፈኑን ዳብሰው። ሻካራ ነገር ከተሰማህ የተጣበቀ ቆሻሻ አለ፣ ክሌይ ባር የሚባለው፣ ቆሻሻ የሚነቅል እንደ ሊጥ ያለ ልስልስ ነገር ያስፈልገዋል። በሳሙና ውሃ እያራስክ በቀስታ ታንሸራትተዋለህ፣ ቀለሙ እንደ መስታወት ሲልም ታቆማለህ። መሬት ከወደቀብህ ጣለው፣ አሸዋ ይዞ ነው የሚነሳው።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረህ 3 ሰዓት ገደማ ዋናውን ጨርስ። ከበርጫ በኋላ እሠራዋለሁ የሚል አለ፣ ግን ከሰዓት ነፋሱ አቧራ ይዞ ይመጣል፣ ብረቱም ጥላ ገብቶ እንኳ ቶሎ አይበርድም። የእጅህን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አሳርፍ። ሳታነሳው መቆየት ካልቻልክ አትጀምር። በትኩስ ብረት ላይ ፖሊሹ ሳይሠራ ይደርቃል፣ ከዚያ ሲጠረግ ይሟገትሃል።

የጥቁር ፕላስቲክና የጎማ ጠርዞችን በወረቀት ፕላስተር ሸፍን። ስፖኪዮው ሥር፣ የበሩ መያዣ ዙሪያ፣ የመስታወቱ ጎማ። ፖሊሽ ሻካራ ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ማስለቀቁ ከሥራው ሁሉ ይከብዳል።

ከዚያ ሙሉ መኪናውን ከመጀመርህ በፊት አንድ ትንሽ ቦታ ሞክር። በቂ ከሆነ በዚያው ቀጥል፣ ካልሆነ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ቀይር። የስፖንጆቹ ቀለም ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ በቀለም አትግዛ፣ ጥንካሬውን አንብብ። ስፖንጁ ላይ ሽምብራ የሚያክል አራት ጠብታ በቂ ነው። ማሽኑን ሳታስነሳ ፖሊሹን አዳርሰው፣ አለበለዚያ ግድግዳው ሁሉ ይረጫል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቦታ ውሰድ፣ ፍጥነቱ 4 ወይም 5 ላይ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ከዚያም ወደ ጎን፣ መስመር በመስመር እየደረብክ። እጅህን አታስሮጥ። አብዛኛው ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው፣ ማሽኑን እንደ መጥረጊያ ያመላልሰዋል፣ ፖሊሹ ግን እንዲሠራ ጊዜ ይፈልጋል። ከእያንዳንዱ ቦታ በኋላ ስፖንጁን በፎጣ አጽዳው። ሦስት በአንድ ዘይት ስላለው ስፖንጁን ቶሎ ይደፍናል፣ ለአንድ መኪና ሁለት ሦስት ስፖንጅ ያዝ። ወዲያው ይጠረግ ወይስ ይድረቅ የሚለው እንደ ምርቱ ነው፣ ጀርባውን አንብብ።

የሐረር 404 ታክሲ ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። ፔዦ 404 የተመረተው ገና ክሊር ባልተለመደበት ዘመን ነው፣ ኋላ ያልተቀባ የድሮ ቀለም ካለው መልኩ ራሱ ነው የሚፈቀው። ጨርቃችሁ ሰማያዊ ከሆነ አትደንግጡ፣ የሞተው የላይኛው ቀለም ነው የወጣው። በእጅ፣ በለስላሳው ፖሊሽ፣ በስሱ ሥሩ። እነዚያ መኪኖች ጀጎል በር ላይ አብረው ሲቆሙ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፣ በግራይንደር እንዳታስፈጁብኝ።

መከላከያው ስንት ጊዜ ይቆያል? ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ወራት ለድሬ አይሠራም። እኔ ውሃው ተንሸራትቶ መውረዱን ትቶ መተኛት ሲጀምር ነው የምለካው። ያኔ ድጋሚ ወደ ፖሊሽ አልሄድም፣ በላዩ የሚረጭ ሰም ብቻ እጨምራለሁ። የሚፍቅ ነገር በየወሩ መጠቀም ክሊሩን መጨረስ ነው፣ በዓመት አንዴ ይበቃል።

የማይሠራባቸውም አሉ። ማት በሚባለው፣ በማያብለጨልጭ ቀለም ላይ በፍጹም፣ እያበራህ ታበላሸዋለህ። አዲስ የተቀባ ቦታ ላይም ቢያንስ አንድ ወር ጠብቅ፣ ቀለሙ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ መትነን አለበት፣ ቀቢህንም ጠይቀው። ሴራሚክ የሚባለውን ለረጅም ጊዜ የሚቆይ መከላከያ ልታስቀባ ካሰብክ ደግሞ ሦስት በአንድ አትጠቀም፣ የሚተወው ሰምና ዘይት ሴራሚኩ እንዳይይዝ ያደርገዋል።

ስትገዛ የድሬው ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ክዳኑ እሽግ መሆኑን እይ፣ ጠርሙሱን ነቅንቅ፣ ውሃና ጭቃ ሆኖ ተለያይቶ ተመልሶ ካልተዋሃደ ተወው። ፀሐይ ላይ የተደረደረውን አትግዛ። ገዝተህም የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አትተወው፣ ቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጠው፣ ሁልጊዜ ከመጠቀምህ በፊት በደንብ ነቅንቀው።