ዞቴሮና ፓንዶክ ለቲሲስ፦ የወራት ልምዴ ከደብረ ማርቆስ

ቁርጡን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ብዙ ምንጭ ያለው ረጅም ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው ዞቴሮና ፓንዶክ የሚባሉትን ሁለት ፕሮግራሞች አብሮ ከመጠቀም የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ግን ለሀገራችን ስሞች ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ቲሲሴ ስለ ጎጃም የቅኔ ቤቶች ነው። ምንጮቼ የተቀላቀሉ ናቸው፤ የእንግሊዝኛ ጆርናልም አለ፣ አሮጌ የአማርኛ መጽሐፍም አለ። የምጽፈው በማርክዳውን ነው፤ ርዕስና የመሳሰለውን በቀላል ምልክት የሚያሳይ ተራ ጽሑፍ ማለት ነው። ሪፈረንሱን ዞቴሮ ይይዝልኛል። ፓንዶክ ደግሞ ጽሑፉን ወደ ዎርድ ወይም ወደ ፒዲኤፍ ያወጣዋል። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ ሁለቱም የወጡት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ፓንዶክን የሠራው ጆን ማክፋርሌን የፍልስፍና መምህር ነው። ሰውየው የጸሐፊን ችግር ያውቃል፣ ሲጠቀሙበት ይታወቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጽሑፉ ውስጥ የምንጩን መለያ ብቻ [@አበበ2012] ብዬ አልፋለሁ። ፓንዶክ ፋይሉን ሲያወጣ ይህን ወደ ሙሉ ሳይቴሽን ይቀይረዋል፤ መጨረሻ ላይ ዝርዝሩንም ራሱ ይሠራል። ከአንድ የሪፈረንስ አጻጻፍ ስልት ወደ ሌላ፣ ለምሳሌ ከኤፒኤ ወደ ቺካጎ፣ ለመዞር የስታይል ፋይሉን ስም መቀየር በቂ ነው። የድሮ ቱቶሪያሎች ለሳይቴሽን ሌላ ፕሮግራም ጫኑ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው የፓንዶክ እትም 2.11 ወዲህ ግን አያስፈልግም። ሳይቴሽኑን የሚሠራው ሲትፕሮክ እዚያው ፓንዶክ ውስጥ አለ።

ሌላው የምወድለት ነገር ኔት ሲጠፋ ሥራ አለመቆሙ ነው። ሁሉም ላፕቶፔ ላይ ነው። ፋይሎቹም ትንንሽ ስለሆኑ ፍላሽ ላይ መገልበጥ ሰከንድ አይፈጅም።

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ። ፕሮግራሞቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። አበበ ከበደ የሚባል ደራሲ ካለ፣ ኤፒኤ «ከበደ፣ አ.» አድርጎ ያወጣዋል። ጽሑፉ ውስጥም «ከበደ 2012» ይላል። መጽሐፉን የጻፈው ልጅ፣ የተጠቀሰው አባት! ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። የሰውን ድካም ለሌላ ሰው መስጠት ነው። መፍትሔው ዞቴሮ ውስጥ አለ። ከደራሲው ስም አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትጫኑ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። ስሙን እዚያ እንዳለ ትጽፋላችሁ። ዞቴሮ ላይ የሚጫነው ቤተር ቢብቴክ የሚባል ተጨማሪ፣ ፓንዶክ የሚያነበውን የሪፈረንስ ፋይል ሲያወጣ እንዲህ ያለውን ስም በድርብ ቅንፍ ያጥረዋል፤ ፓንዶክም ሳይገለብጥ ይተወዋል። ከጎግል ስኮላር የሚመጣ ሪፈረንስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። እየከፈታችሁ እዩት። አንዱ ሰው በሦስት ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከመጣም ዝርዝሩ ላይ ሦስት ሰው ይሆናል።

ዓመቱም የራሱ ጣጣ አለው። 2005 ዓ.ም. የሚል መጽሐፍ ወሩ ካልተጻፈበት 2012 ይሁን 2013 እ.ኤ.አ. መለየት አይቻልም። ገምቶ መቀየር ደግሞ ትክክል አይመስለኝም። ስለዚህ መጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ አስገባለሁ። ደግነቱ በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ስሞች ከላቲኖቹ በኋላ፣ በሀ ሁ ተራ ይሰለፋሉ። የአማርኛ ምንጮቼ አንድ ላይ ስለሚመጡ፣ ዓመታቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን በአንድ መስመር አስረዳለሁ።

ስታይሎቹ እንግሊዝኛ መሆናቸው ያስታውቃል። በሁለት የአማርኛ ደራሲዎች መካከል «እና» በማለት ፈንታ የ& ምልክት ይገባል። የስታይል ፋይሉ ራሱ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ከፍቶ ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ፒዲኤፍ ለማውጣት ደግሞ ፒዲኤፉን የሚሠራውን ፕሮግራም ዚላቴክን (XeLaTeX) መርጣችሁ የግዕዝ ፎንት ስሙን ስጡት። አለበለዚያ አማርኛው አይወጣም።

የዞቴሮ ነጻ ማከማቻ 300 ሜጋባይት ነው። ስካን የተደረገ መጽሐፍ ቶሎ ይሞላዋል። የሪፈረንሱ መረጃ ግን ከዚያ ስለማይቆጠር ስካኖቹን ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጣለሁ።

ትልቁ ድካም ከአድቫይዘር ጋር ነው። እሳቸው የሚያርሙት በዎርድ ነው። ፓንዶክ ያወጣው ዎርድ ውስጥ ያለው ሳይቴሽን ደግሞ ተራ ጽሑፍ ሆኗል፤ ከዞቴሮ ጋር አይገናኝም። ከቤተር ቢብቴክ ጋር የሚገኝ አንድ የሉዋ ማጣሪያ፣ ፓንዶክ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ማለት ነው፣ ከዞቴሮ ጋር የሚገናኝ ሕያው ሳይቴሽን ያስገባል፤ ዞቴሮ ክፍት መሆን አለበት እንጂ ይሠራል። እኔ ግን ምዕራፍ በምዕራፍ እልክላቸዋለሁ። እርማታቸውን ከጎን ከፍቼ ወደ ማርክዳውኑ በእጄ እመልሳለሁ። ጽሑፋችሁ ዎርድ ላይ በብዙ ሰው እጅ እየተነካካ የሚያልቅ ከሆነ ዞቴሮን ከነዎርድ ተጨማሪው ጫኑ፤ ፓንዶክ ይቅርባችሁ።