ሳራማጎ ወይስ ኮቶ? የድሬዳዋ ተማሪዎች ንባብ

ድሬዳዋ ውስጥ ከተማሪዎች ጋር በፖርቱጋልኛ የተጻፉ ሁለት ልብ ወለዶችን በእንግሊዝኛ ትርጉማቸው አንብበናል፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው የፖርቱጋላዊው ጆዜ ሳራማጎ «ዕውርነት»፣ ሌላው እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የሞዛምቢካዊው ሚያ ኮቶ «በእንቅልፍ ልቧ የምትሄድ ምድር» ነው።

ሳራማጎ መጀመሪያ አስቸግሯቸዋል፤ ንግግሩ ያለ ትእምርተ ጥቅስ በነጠላ ሰረዝ ብቻ ይያያዛል፣ ገጸ ባሕርያቱም ስም የላቸውም። አንዲት ተማሪ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነበው ግን ማን እንደሚናገር በጆሮ ተለየ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ አላበቃም፤ ከዓይነ ስውራኑ መካከል ብቻዋን የምታየው የሐኪሙ ሚስት ማየቷን መደበቋ ትክክል ነው ወይ የሚለው ሁለት ምሽት ወስዷል።

ኮቶን ግን ያለ አስረጂ ተቀብለውታል። ከእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ ሽማግሌና ልጅ በተቃጠለ አውቶቡስ ውስጥ ተጠልለው ልጁ የሟች ማስታወሻ ደብተሮችን ሲያነብ፣ ብዙዎቹ በልጅነታቸው የሰሙትን የአያት ተረት አስታወሱ። ኮቶ የሚፈጥራቸው አዳዲስ የፖርቱጋልኛ ቃላት በትርጉም መደብዘዛቸው አይቀርም፣ ይህም ያስቆጫል።

ለክርክር ሳራማጎን፣ ለመጀመሪያ ንባብ ግን ኮቶን እመርጣለሁ።