የአሮጌ አይሱዙ ማኒፎልድ ጭስ ደጋግሞ ሲያፈስ፦ ጓርኒሲዮን መቀየር፣ ፊቱን ማስላግ፣ ብየዳ ወይስ ሌላ ማኒፎልድ መግዛት?

ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ከካቢናው ሥር «ጭክ ጭክ ጭክ» ይላል። ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። ከመተማ ተጭኖ ሲመለስ ዳገት ላይ እንደገና ይመጣል። ከማኒፎልዱ፣ ማለትም ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ ወደ ጭስ ማውጫው ከሚያስገባው ብረት፣ የሚያመልጥ ጭስ ነው። የአባቴ አይሱዙ ላይ ይህ ነገር በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመላለሰብን። ሦስቱንም ጊዜ ጓርኒሲዮን (በማኒፎልዱና በሞተሩ መካከል ገብቶ ጭስ የሚከለክለው ስስ ንጣፍ) ተቀየረ፣ ሦስቱንም ጊዜ ተቃጠለ። ቆም ብለን ያሰብነው በአራተኛው ነው። እናንተ በዚያ መንገድ እንዳትሄዱ የትኛው ጥገና ለየትኛው መኪና እንደሚያዋጣ ላነጻጽርላችሁ።

ግን ከገንዘቡ በፊት አንድ ነገር። አይሱዙ ካቢናው የተቀመጠው ሞተሩ ላይ ነው። የሚያመልጠው ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው ይገድላል። ደባርቅ ላይ ሌሊት ሲበርድ ሞተር አስነስቶ፣ መስኮት ዘግቶ መተኛት የለመደ ሾፌር ካላችሁ ማኒፎልዱ እስኪሠራ ድረስ አጥብቃችሁ ከልክሉት። መንገድ ላይ ራሱን ካመመው ወይም ካቅለሸለሸው ድካም ነው ብሎ አይለፈው።

ለምን ይደጋገማል? ማኒፎልዱ ጊዛ ነው፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት። 60 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጊዛ ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሲጨምር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ሲበርድ ደግሞ ይመለሳል። ይህ በየቀኑ ነው። ብሎኖቹ ይደክማሉ፣ ዳርና ዳር ያሉት ቀድመው ይበጠሳሉ፣ የማኒፎልዱ ፊትም (ከሞተሩ ጋር የሚገጥመው ገጽ) ቀስ በቀስ ይጣመማል። በዚያ ላይ ሊማሊሞን ሲወርዱ መኪናውን የሚያዘገየው ኤግዞስት ብሬክ ጭሱን ስለሚያፍነው ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና በደካማው ቦታ ይወጣል። የሚያፈስ ማኒፎልድ ያለው መኪና ኤግዞስት ብሬኩም እንደ ድሮው አይዝም፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሾፌር ያውቀዋል።

መጀመሪያ ርካሹ፣ ጓርኒሲዮን ብቻ መቀየር። ይህ የሚያዋጣው ማኒፎልዱ ቀጥ ያለ ከሆነና ብሎኖቹ ሁሉ ካሉ ብቻ ነው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ፊቱ ላይ አጋድሙና በሥሩ ብርሃን ይታይ እንደሆነ እዩ፤ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ያለፈ ክፍተት ካለ ጓርኒሲዮን አትግዙ፣ ገንዘባችሁ ይባክናል። ቀጥ ካለ ግን ባለ ብረቱን፣ በተለይ ከአንድ በላይ ንብርብር ያለውን ምረጡ። ወረቀት የሚመስለው ዋጋው ይቀንሳል፣ ትንሽ የተጎዳ ፊትም ይሞላል፣ ግን የጫነ መኪና ላይ ቶሎ ያልቃል። ሲሊኮን የሚቀባ መካኒክ ካጋጠማችሁ አስቁሙት። ለሙቀት ተብሎ የሚሸጠው ቀዩ ሲሊኮን እንኳን የሚችለው 300 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ማኒፎልዱ በጭነት ከ500 ያልፋል። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ስትፍቁ ደግሞ ውኃ እያስነካችሁ ይሁን፤ የድሮዎቹ አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል፣ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው።

ሁለተኛው ማኒፎልዱን አውርዶ ቶርኖ ቤት ወስዶ ፊቱን ማስላግ (በማሽን ተፍቆ ቀጥ እንዲል ማድረግ) ነው፣ ከአዲስ ብሎንና ከአዲስ ጓርኒሲዮን ጋር። እኛን የገላገለን ይህ ነው። ዋጋው ከጓርኒሲዮን ብቻ ይበልጣል፣ ከአዲስ ማኒፎልድ ግን በጣም ያንሳል። መኪናው አንድ ሁለት ቀን ይቆማል። ለቶርኖ ሠራተኛው በግልጽ ንገሩት፦ ሁሉም አፍ በአንድ መስመር እንዲሆን፣ እያንዳንዱን ለብቻው እንዳይነካካው። ብዙ መላግም አያስፈልግም፣ ቀጥ እስኪል ብቻ።

ብሎን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከብሎን ሱቅ በኪሎ የሚሸጠው ተራ ብሎን በሙቀት ይለጠጣል፣ ከዚያ ዳዶው ይላላል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ጥፋቱም በጓርኒሲዮኑ ይሳበባል። ለጭስ ማውጫ የተሠራውን ግዙ። ቴስታታው (ማኒፎልዱ የሚታሰርበት የሞተሩ ክፍል) ውስጥ ተበጥሶ የቀረ ካለ ቶሎ ወደ መሰርሰሪያ አትሂዱ። ጎበዝ በያጅ በተሰበረው ጫፍ ላይ ዳዶ ይበይድበታል፣ ሙቀቱ ዝገቱን ያላቅቀዋል፣ ከዚያ በቁልፍ ቀስ ብሎ ይወጣል።

ሦስተኛው ብየዳ። የተሰነጠቀ ማኒፎልድ ብየዳ ይይዛል ወይ? ይይዛል፣ ግን የሚሠራው ሰው ጊዛ የሚያውቅ ከሆነ። ለጊዛ የሚሆነው ኤሌክትሮድ ኒኬል ነው፣ ውድ ነው፣ ተራው አይሆንም። ከመበየዱ በፊት ማኒፎልዱ መሞቅ አለበት፣ ከተበየደ በኋላ ደግሞ አመድ ወይም ደረቅ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ መብረድ አለበት። መኪናው ላይ እንዳለ በሩብ ሰዓት የሚበይድላችሁ ሰው የሚሠራው ለጥቂት ጉዞ ነው፣ ስንጥቁ ከብየዳው ጎን እንደገና ይከፈታል። በደንብ ቢሠራም ብየዳው ፊቱን ሊያጣምም ስለሚችል ማስላጉ አይቀርም፣ ስለዚህ ወጪውን ሁለቱንም ደምራችሁ አስቡት።

አራተኛው ሌላ ማኒፎልድ መግዛት ነው። ጎንደር ውስጥ ካልተገኘ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ማስላክ ይቻላል። እዚህ ሁለት ምርጫ አላችሁ፣ አዲስ ኮፒ ወይም ሳልቫጅ (ከሌላ መኪና የተፈታ) ኦርጅናል። እኔ ሳልቫጅ ኦርጅናሉን እመርጣለሁ። ለዓመታት ሲሞቅና ሲበርድ የኖረ ጊዛ የሚጣመመውን ያህል ተጣሟል፣ ከተላገ በኋላ ብዙ አይንቀሳቀስም። አዲስ ኮፒ ግን ቀጠን ብሎ የተሠራ ከሆነ በጥቂት ወራት ሊሰነጠቅ ይችላል። ኮፒ መግዛት ግድ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና በእጅ አመዛዝኑት፣ በጣም ከቀለለ ተዉት። ጓርኒሲዮን አጋድማችሁም አፎቹና የብሎን ቀዳዳዎቹ መግጠማቸውን እዩ።

ሳልቫጁን ከመክፈላችሁ በፊት በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጉት። ጤነኛ ጊዛ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀ ድምፁ ይሞታል። ካልረካችሁ ነጭ ጋዝ ቀቡት፣ ትንሽ ቆይታችሁ በጨርቅ አድርቁት፣ ከዚያ ጠመኔ እሹበት። ስንጥቅ ካለ ጋዙ ጠመኔው ላይ መስመር ሠርቶ ይወጣል።

ከቧንቧ በይደን እንሥራላችሁ የሚሉም አሉ። ለጫነ አይሱዙ አልመክርም። ስስ ቧንቧ ከፍላንጁ (ብሎን ከሚገባበት ወፍራም ብረት) ጋር የተበየደበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል።

ታዲያ የቱን? ስንጥቅ ከሌለና ቀጥ ካለ ጓርኒሲዮንና ብሎን። ከተጣመመ ማስላግ። ከተሰነጠቀና ጥሩ ሳልቫጅ ከተገኘ ብየዳውን ተዉት፣ ሳልቫጁን ግዙ። ሳልቫጅ ከጠፋና በያጁን የምታምኑት ከሆነ ብየዳ፣ ኮፒ የመጨረሻ።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመኪናው ሥር ገብታችሁ የጭስ ማውጫውን መስመር የሚይዙትን ጎማዎች እዩ። የእኛው ላይ አንዱ ተበጥሶ የማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ክብደት ማኒፎልዱን ቁልቁል ይጎትተው ነበር፣ ሦስት ጊዜ ጓርኒሲዮን ሲቀየር ማንም አላየውም። ሞተሩን የሚይዙት ጎማዎችም ካለቁ እንደዚያው ነው።

ሲታሰር ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት በሦስት ዙር። ሲያልቅ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ ጎሚስታ ቤት ሂዱና በማርሚታው በኩል ቀስ ያለ አየር አስነፉበት፣ ማኒፎልዱ ዙሪያ የሳሙና ውኃ ቀቡ። አረፋ ካልወጣ ጫኑት። ከመጀመሪያው የመተማ ጉዞ ሲመለስ፣ በደንብ ከበረደ በኋላ፣ ዳዶዎቹን አንድ ጊዜ ደግማችሁ እሰሩ።