በልጆች ተረት ስም ለሚሸጡ አስፈሪ ፊልሞች ገንዘባችሁን አታውጡ

ሆረር የምትወዱ ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን በቴሌግራም ቻናሎችና ፍላሽ ላይ ፊልም በሚጭኑ ቤቶች አንድ ፎልደር እየዞረ ነው። ፖስተሮቹ ላይ ደም የተረጨበት ድብና ቢላዋ የጨበጠ አይጥ ይታያሉ። የሚሸጡትም «ዲዝኒ የሠራቸው አስፈሪ ፊልሞች» እየተባሉ ነው። ዲዝኒ አንዳቸውንም አልሠራም። አብዛኞቹን ተቀምጬ ስላየኋቸው፣ በቴሌብር ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የወጣ ሥራ 95 ዓመት ሲሞላው መብቱ ያበቃና ማንም ሳያስፈቅድ፣ ሳይከፍል ሊጠቀምበት ይችላል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤ. ኤ. ሚልን ስለ አንድ ድብ የጻፈው የልጆች መጽሐፍ «ዊኒ ዘ ፑ» የታተመው በ1926 ስለሆነ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) በ2022 መጀመሪያ ነፃ ወጣ። አይጡ ሚኪ ማውስ የታየበት የ1928ቱ ካርቱን «ስቲምቦት ዊሊ» በ2024፣ መርከበኛው ፖፓይ በ2025፣ የካርቱኗ ቤቲ ቡፕ ደግሞ በ2026 ተከተሉ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ስም በነፃ ያገኘ ሰው፣ ገበያ ለመሳብ ጥሩ ታሪክ መጻፍ አይጠበቅበትም። ጭምብል ገዝቶ ጫካ ይገባል። ስሙ ይሸጥለታል።

በ2023 የወጣውን «ዊኒ ዘ ፑ፦ ብለድ ኤንድ ሃኒ»ን ልንገራችሁ፤ የፎልደሩ ዋና ማባበያ እሱ ነውና። መነሻ ሐሳቡ በእውነት ጥሩ ነበር። የፑና የሌሎቹ እንስሳት ጓደኛ የሆነው ልጅ ክሪስቶፈር ሮቢን አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እንስሳቱን ጥሏቸው ይሄዳል። ክረምት ሲመጣ ይራባሉ፣ የገዛ ጓደኛቸውን አህያውን ይበሉታል፣ ከዚያ ወዲያ ወደ አውሬነት ይለወጣሉ። ይህን የሰማ ሰው የተጣለ ወዳጅ ቂም ያለበት ከባድ ፊልም ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ይህ ሁሉ ግን የሚያልቀው መግቢያው ላይ፣ ያውም በስዕል ነው። ቀሪው ሰዓት ገና ስማቸውን በቅጡ ያልያዝናቸው ወጣት ሴቶች አንድ ጎጆ ተከራይተው በየተራ ሲገደሉ ማየት ነው። ፑ የጎማ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ነው፤ ሲናደድም ሲርበውም ፊቱ አይለወጥም። ጨለማው ደግሞ ከመብዛቱ የተነሳ ማን ማንን እንደሚያባርር አይለይም። ስለ ማር የሚናገረውን ቆርጣችሁ ድቡን በሌላ በማንም ገዳይ ብትተኩት ፊልሙ ውስጥ አንድም ነገር አይጎድልም።

ፊልሙን ማን እንደሚመራው የገባኝ ሁለተኛውን ክፍል ሳይ ነው። ነብሩ ቲገር በመጀመሪያው የለም፣ በሁለተኛው ብቅ ይላል። ምክንያቱ የታሪክ ፍሰት አይደለም። ቲገር መጽሐፍ ውስጥ የገባው በ1928 ስለሆነ እስከ 2024 ድረስ ሊነኩት አይችሉም ነበር። የቅጂ መብት ካሌንደር ገጸ ባሕርይ ሲመርጥ እያየን ነው። እርግጥ ሁለተኛው በጭምብልም በቀረጻም ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ቢሆንም ገንዘብ አውጡበት አልልም።

የመጀመሪያው ክፍል ከ100 ሺህ ዶላር ባነሰ ወጪ፣ በ10 ቀን ነበር የተቀረጸው። ያስገባው ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። የዓመቱን መጥፎ ፊልሞች ለይቶ የሚሰይመው ራዚም በ2024 አምስት «ሽልማት» ሰጥቶታል፣ «የዓመቱ መጥፎ ፊልም» የሚለውን ዋናውን ጨምሮ። «በዚህ ብር ምን ይጠበቃል?» ለሚል ሰው መልስ አለኝ። «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» መጀመሪያ የተሠራው በ15 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ ዛሬም ማታ ብቻዬን አላየውም። አያቶቻችን አያ ጅቦን ሲተርኩልን የምንፈራው ጅቡ ከመምጣቱ በፊት ነበር፤ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ፣ ዝም ሲሉ። ለዚያ ዶላር አያስፈልግም።

የአይጦቹን በአጭሩ ልለፈው። «ዘ ማውስ ትራፕ» ወጣቶች ጌም ቤት ውስጥ ተቆልፎባቸው የሚኪን ጭምብል ያጠለቀ ሰው እያሳደደ የሚገድላቸው ፊልም ነው፤ አያስፈራም፣ አያስቅም። «ስክሪምቦት» ኒውዮርክ ውስጥ በስታተን አይላንድ ጀልባ ላይ የሚሆን ነው፤ አይጡን የሚጫወተው «ቴሪፋየር» በተባሉት አስፈሪ ፊልሞች ገዳዩን ክላውን የሚጫወተው ዴቪድ ሃዋርድ ቶርንተን ስለሆነ እሱ ባለበት ትዕይንት ሁሉ የሚታይ ነገር አለ። እሱ ሲወጣ ፊልሙም አብሮ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ ያስቆጣኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ፊልም ጫኝ ቤት ውስጥ የድቡን ፊልም በልጆች ፎልደር ውስጥ፣ ከካርቱኖቹ ጋር ተቀላቅሎ አገኘሁት። የጫነው ልጅ ስሙን ብቻ አይቶ ነው የመደበው። ይህ እኛ አገር ብቻ የሚሆን አይምሰላችሁ። በ2023 ፍሎሪዳ፣ ማያሚ አቅራቢያ ባለ ትምህርት ቤት የ4ኛ ክፍል ልጆች ይህንኑ ፊልም ክፍል ውስጥ ማየት ጀምረው የተቋረጠው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ካዩ በኋላ ነበር። ፊልሙ ውስጥ የመኪና ጎማ የሰው ጭንቅላት ሲጨፈልቅ ይታያል። እናቶች፣ አባቶች፣ ታላላቆች፦ ለልጆች ያስጫናችሁትን ፍላሽ ሳትከፍቱና ሳታዩ አትስጧቸው። ፊልም የምትጭኑ ወንድሞቼም እባካችሁ ይህን ፎልደር ዛሬውኑ ለዩት።

ለመክፈል ያሰበ ሰው ፖስተሩን አይመን፤ አሁን በኤአይ የተሠሩ፣ ፊልሙ ውስጥ የሌለ ትዕይንት የሚያሳዩ ፖስተሮችና ማስታወቂያዎች ሞልተዋል። የዳይሬክተሩን ስም ጠይቁ፣ ከዚህ በፊት ምን እንደሠራ እዩ። ሻጩ ከመሃል አምስት ደቂቃ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፣ ከመጀመሪያው ሳይሆን ከመሃል። እምቢ ካለ ውጡ። ቀድማችሁ ካልከፈላችሁ ናሙና አናሳይም የሚሉ «ቪአይፒ» ቻናሎችንም ተዋቸው።

ብር የሚያወጣ ሆረር ጠፍቶ አይደለም እኮ። የራየን ኩግለር «ሲነርስ» በ1932 ሚሲሲፒ ውስጥ ብሉዝና ቫምፓየርን አንድ ቤት አስገብቶ፣ ጭፈራው ራሱ እንዲያስፈራችሁ ያደርጋል። ሲኒማ ቤት፣ በጥሩ ድምፅ ካገኛችሁት አትለፉት። የዛክ ክሬገር «ዌፐንስ» ደግሞ የሚጀምረው ከሌሊቱ 8፡17 ላይ የአንድ ክፍል 17 ሕፃናት እጃቸውን ዘርግተው ከየቤታቸው ሮጠው ሲጠፉ ነው። አንድ ጠብታ ደም ሳይታይ እኔ ወንበሬን ጨብጬ ነበር።

በዚያው ፎልደር ውስጥ የጆርጅ ሮሜሮ የ1968ቱ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» «የማይገኝ ብርቅ ፊልም» ተብሎ ዋጋ ተለጥፎበት አይቻለሁ። የዞምቢ ፊልሞች ሁሉ አባት ነው፣ እዩት። ግን አትክፈሉበት። ያኔ የፊልሙ ርዕስ ሲቀየር አከፋፋዩ የቅጂ መብት ማሳወቂያውን መልሶ ስላላስገባው፣ ገና ሲወጣ ጀምሮ የሕዝብ ንብረት ነው። ሙሉው፣ በጥሩ ጥራት፣ ዩቲዩብና ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ አለ።