ለአሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 የገዛሁት የፍሪሲዮን ሸራና ሞላ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በደንገጎ ዳገት እየተጠማዘዘ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፣ ሜዳ ላይ ደኅና የሚመስል ፍሪሲዮን (የሞተሩን ኃይል ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) ድካሙን የሚያሳየው እዚያ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲጂ 125 ሞዴል ጠንካራ ሞተር አለው፤ የእኔው ግን ዳገቱ መሐል በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጠው ይጮኻል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም ነበር።

መጀመሪያ ካቦውን፣ ማለትም ከእጅ መያዣው ወደ ፍሪሲዮኑ የሚሄደውን ሽቦ፣ አየሁ። የፍሪሲዮን መያዣው ጫፍ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ልቅ መሆን ሲገባው የእኔው ጥብቅ ብሎ የተወጠረ ስለነበር፣ እጄን ባነሣም ሸራዎቹ (ከብረት ዲስኮቹ ጋር ተጣብቀው ኃይል የሚያስተላልፉት ክቦች) ሙሉ በሙሉ አይያያዙም ነበር። ሳላላው ችግሩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሁለተኛው ጥፋት የራሴ ነው፦ ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን የሚያለሰልሰው አንድ ዘይት ሆኖ ሳለ ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ያለበትን የመኪና ዘይት ሞልቼበት ነበር። ቆርቆሮው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል፣ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን እንደሚስማማ የሚያሳይ ምልክት ወዳለበት የሞተር ሳይክል ዘይት ብቀይርም ሸራው አስቀድሞ ተቃጥሎ ነበር፤ ስከፍተው ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ የቃጠሎ ሽታ ሸተተኝ። ሸራዎቹን የሚጫኑትን አሮጌዎቹን ሞላዎች ከአዲሶቹ ጎን ባቆማቸው ማጠራቸው በዓይን ይታያል። የብረት ዲስኮቹን መስታወት ላይ አስተኝቼ እንዳልተጣመሙ ካረጋገጥሁ በኋላ፣ አዲሱን ሸራ ሌሊቱን ዘይት ውስጥ አሳድሬ ገጠምሁት፤ ቡሎኖቹንም በመስቀለኛ ተራ ጥቂት በጥቂት አጠበቅሁ።

ዛሬ ዘጠነኛ ወሩ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሐረር ደርሼ እመለሳለሁ፤ ደንገጎ ላይ ሰው ጭኜም አንድ ጊዜ አልተንሸራተተም፤ ካቦውን ያስተካከልሁትም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አዲሶቹ ሞላዎች ግን መያዣውን ስለሚያከብዱት መጋላ ገበያ ውስጥ ባጃጅና ሰው ሲጨናነቅ እጅ ያደክማል። አብሮት የመጣው ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ ክዳኑ ሥር የሚገባው ማሸጊያ) ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ዘይት ማንጠብጠብ ስለጀመረ፣ በወፍራም የጓርኒሲዮን ወረቀት ቆርጬ ተካሁት። ሸራውንና ሞላውን ደግሜ እገዛለሁ፤ ጓርኒሲዮኑን ግን ለብቻ ፈልጉ።

ሸራዎቹ የሚቀመጡበትን ቤት አልቀየርሁም። ጥርሶቹ ላይ የነበረውን ስርጉድ በቀጭን ሞረድ አለስልሼ መልሼዋለሁ፤ ፍሪሲዮኑን ስለቅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ የሚቀየረው እሱ ስለሆነ ከአሁኑ በማፈላለግ ላይ ነኝ።